ኤሮሶል ምንድን ነው? ከውቅያኖስ መርከብ እስከ መርካቶ አየር እንዴት ይለካል?

ጠዋት ነጭ ሸሚዝ ለብሶ አውቶቡስ ተራ የወረደ ሰው በርበሬ ተራንና ምን አለሽ ተራን ሲዞር ውሎ ማታ ቤቱ ሲገባ ኮሌታውን ይየው። ጠቁሯል። ግን ኮሌታ ላይ የቀረው የሚታየው ነው። የባሰው ሳንባ ድረስ የሚወርደው የማይታየው ነው። እሱን የሚያውቀው መሣሪያ ብቻ ነው።

🔹 ኤሮሶል ምን ማለት ነው?

አየር ላይ ተንሳፎ የሚቆይ ደቃቅ ጠጣር ወይም ፈሳሽ ቅንጣት ሁሉ ኤሮሶል ይባላል። የናፍጣና የከሰል ጭስ፣ የመንገድ አቧራ፣ በርበሬ ሲፈጭ የሚቦነው ብናኝ፣ ከባህር ማዕበል የሚረጨው ጨው ሁሉም ኤሮሶል ናቸው።

ለጤና በጣም የሚያሰጋው ፒኤም 2.5 የሚባለው ነው። ከ2.5 ማይክሮ ሜትር አይበልጥም፤ የፀጉር ውፍረት አንድ ሰላሳኛ ገደማ ማለት ነው። አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም። ከልብ ሕመም፣ ከስትሮክና ከሳንባ ካንሰር ጋር ይያያዛል።

🔹 መርከብ ላይ ለምን ይለካል?

ከምድር ገጽ 71 በመቶ ያህሉ ውቅያኖስ ነው። መሃሉ ላይ ጣቢያ መትከል ከባድ ነው፣ ደሴቶቹም ጥቂት ናቸው። ሳተላይት ከላይ ያያል፤ ያየው ልክ መሆኑን ግን ከታች የሚመሰክርለት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ናሳ ኤሮኔት በሚባለው ዓለም አቀፍ የመለኪያ መረቡ ስር እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በመርከብ ላይ የሚሠራ ቅርንጫፍ ያቋቋመው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መርከቡ ላይ ያለ ሰው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ወደ ፀሐይ ያነጣጥራል። ከከባቢ አየር በላይ ያለው ብርሃን ስንት እንደሆነ ይታወቃል። ታች ሲደርስ የጎደለው ይሰላል፤ አየሩ ራሱ የወሰደው ሲቀነስ የቀረው የኤሮሶል ድርሻ ነው። ውጤቱ 0.1 ከሆነ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ በቀጥታ ከሚመጣው ብርሃን 10 በመቶ ያህሉ ተከልክሏል። 1 ከሆነ 63 በመቶ ያህሉ። ንጹሕ ውቅያኖስ ላይ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከ0.1 በታች ነው። ቀይ ባሕር ላይ ከባድ አቧራ ሲነሳ ግን ከ1 ሊያልፍ ይችላል። ደመና ፀሐይዋን ከጋረዳት ልኬት የለም።

ሌላው መንገድ ማጣሪያ ነው። ፓምፕ አየር ይስባል፣ ማጣሪያው ብናኙን ይይዛል፣ ከዚያ ይመዘናል። የመርካቶ ነጋዴ የዕቃ መያዣውን ቀንሶ እንደሚመዝነው ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፦ መርከቡ ራሱ ጭስ አለው። ስለዚህ መሣሪያው ከጭስ ማውጫው ርቆ ወደ ፊት ይተከላል፤ ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ ፓምፑ ይቆማል። አለበለዚያ የለካኸው የራስህን ጭስ እንጂ የውቅያኖሱን አየር አይደለም።

🔹 ሁለቱ ቁጥሮች አንድ አይደሉም

ወደ ፀሐይ የሚያነጣጥረው መሣሪያም ሆነ ሳተላይት የሚያዩት ከመሬት እስከ ሰማይ ያለውን ጠቅላላ ብናኝ ነው። እኛ የምንተነፍሰው ግን አፍንጫችን አጠገብ ያለውን ነው። ስለዚህ በመተንፈሻ ከፍታ ላይ የሚለካ መሣሪያ የግድ ያስፈልጋል።

🔹 አዲስ አበባስ?

አዲስ አበባ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የፒኤም 2.5 መጠንን በየሰዓቱ ለሕዝብ ይፋ ሲያደርግ ቆይቷል። መጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ላይ የአሜሪካ መንግሥት የኤምባሲዎቹን መረጃ ማጋራት በዓለም ዙሪያ አቁሟል።

ናሳ ከጣሊያን የጠፈር ኤጀንሲ ጋር ያዘጋጀው ማያ የተባለው የሳተላይት ፕሮጀክት ደግሞ አዲስ አበባን ከዋና የጥናት ከተሞቹ አንዷ አድርጓታል። እሱም ቢሆን እንደ ውቅያኖሱ ሁሉ ከታች መስካሪ መሣሪያ ይፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ የፒኤም 2.5 ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም፣ የ24 ሰዓቱ ደግሞ ከ15 እንዳያልፍ ይመክራል።

🔹 ለመርካቶ ምን ትምህርት አለው?

እንጦጦ መንገድ ላይ የተነበበ ቁጥር የምን አለሽ ተራ ቁጥር አይደለም። መርካቶን ለመለካት መሣሪያው እንደ መርከቡ ቦታው ይመረጥለት፦ ወፍጮ አፍ ላይ ከተተከለ የወፍጮውን ብቻ ይነግረናል፣ ፎቅ ጣራ ላይ ከወጣ ደግሞ ማንም የማይተነፍሰውን። በሰው ቁመት፣ በተለያዩ ተራዎች፣ በጋውንም ክረምቱንም መለካት አለበት።

ጉዳዩ የቁጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኩንታል የተሸከመ ወዛደር ሱቅ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው እጥፍ ድርብ አየር ይስባል። በዚያው መንገድ ላይ ብዙውን ብናኝ የሚወስደው እሱ ነው።

እስከዚያው አንድ ነገር ይወቁ፦ አፍ ላይ የሚጠመጠም ነጠላ ወይም ስካርፍ ትልልቁን አቧራ እንጂ ፒኤም 2.5ን በደንብ አያስቆምም። ፊት ላይ በደንብ የገጠመ ኤን95 ማስክ ግን አብዛኛውን ያስቀራል።