የጌም ኮንሶል ሜሞሪ ካርድ

የጌም ኮንሶል ሜሞሪ ካርድ የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ መሣሪያዎች የተጫዋቹን ውጤትና ቅንብር፣ በኋለኞቹ ዘመናት ደግሞ ጨዋታውን ራሱን የሚያስቀምጡበት ተነቃይ ማከማቻ ነው። የካርዱ ዋጋ በሚይዘው መጠን ብቻ አይወሰንም። ካርዱ ለስልክና ለካሜራም የሚያገለግል የጋራ ዓይነት ነው ወይስ ለአንድ ኮንሶል ብቻ የተሠራ የሚለው ብዙ ጊዜ ከመጠኑ የበለጠ ዋጋውን ይለውጣል። ልዩነቱ ከአስመጪዎች ገበያ ርቀው በሚገኙ ከተሞች፣ ለምሳሌ በደብረ ታቦርና በሌሎች የደቡብ ጎንደር ከተሞች፣ ካርዱ ይገኛል ወይስ አይገኝም ወደሚል ጥያቄ ይቀየራል።

አመጣጥ

በካሴት የሚሠሩት የቀድሞ ኮንሶሎች ብዙዎቹ ተነቃይ ካርድ አላስፈለጋቸውም፤ ካሴቱ ውስጥ ትንሽ ባትሪ ተገጥሞ ውጤቱ እዚያው ይቀመጥ ነበር። ሲዲ ሲመጣ ግን ዲስኩ ላይ መጻፍ ስለማይቻል የተጫዋቹን ውጤት የሚይዝ ሌላ ዕቃ ግድ ሆነ። የሶኒ ፕሌይስቴሽን እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ ካርዱ የሚይዘው 128 ኪሎባይት ነበር። ይህም በ16 ክፍሎች ተከፍሎ አንዱ ለማውጫ፣ 15ቱ ለተጫዋቹ ይውላል። አንድ ተራ የኤምፒ3 ዘፈን ለመያዝ ከእነዚህ ካርዶች ወደ 30 ያህሉ ባስፈለገ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ባለ 8 ሜጋባይት ካርድ ይዞ መጣ። ይህ ካርድ ማጂክጌት የተባለ የምስጢር ቁልፍ ስላለው ሌሎች አምራቾች እንዲሁ በቀላሉ ሊኮርጁት አልታሰበም፤ ሆኖም ርካሽ ቅጂዎች ብዙም ሳይቆዩ ገበያውን ሞሉት። በዚያው ዘመን ማይክሮሶፍት በመጀመሪያው ኤክስቦክስ ውስጥ ሃርድ ዲስክ በመግጠሙ ውጤት ለማስቀመጥ ካርድ የግድ መግዛት ቀረ።

የብቻ ካርድና ዋጋው

ኮንሶል አምራቾች መሣሪያውን በትንሽ ትርፍ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ሸጠው ገንዘባቸውን ከጨዋታና ከተጨማሪ ዕቃዎች ይመልሳሉ። የብቻ ካርድ ለዚህ ይመቻል። አምራቾቹ ሌላም ምክንያት አላቸው፤ ካርዱ በኮምፒዩተር በቀጥታ ካልተነበበ ጨዋታን ሰርቆ ማባዛት ይከብዳል።

የዚህ አሠራር ዋና ምሳሌ ፕሌይስቴሽን ቪታ ነው። ይህ የእጅ ኮንሶል እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ሲሸጥ ባለ 4 ጊጋባይት ካርዱ 20፣ ባለ 8 ጊጋባይቱ 30፣ ባለ 16 ጊጋባይቱ 60፣ ባለ 32 ጊጋባይቱ 100 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። በዚያን ጊዜ 32 ጊጋባይት የሚይዝ ተራ የስልክ ማይክሮኤስዲ ከዚህ ከግማሽ ባነሰ ዋጋ ይገኝ ነበር። ገዢዎች ኮንሶሉን ወደውት ካርዱን አማረሩ። ከዓመታት በኋላ አድናቂዎች የኮንሶሉን ሶፍትዌር ከፍተው ተራ ማይክሮኤስዲ የሚቀበል ትንሽ አስማሚ ሠሩለት፤ ለቪታ ግን ዘግይቶ ነበር፣ ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ቆመ።

ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ሲወጣም ባለ 1 ቴራባይት ማስፋፊያ ካርዱን የሚሸጠው ሲጌት ብቻ ነበር፤ ዋጋውም 220 ዶላር። እ.ኤ.አ. በ2023 ዌስተርን ዲጂታል ተመሳሳዩን በ150 ዶላር ሲያቀርብ ሲጌትም የራሱን ወደዚያው አወረደ። ዋጋውን ያወረደው የአምራቾች ውድድር እንጂ የካርዱ አሠራር መለወጥ አልነበረም። ተፎካካሪው ፕሌይስቴሽን 5 ግን ኮምፒዩተሮች የሚጠቀሙበትን ኤም.2 ኤስኤስዲ ስለሚቀበል ገዢው ከብዙ አምራቾች መምረጥ ችሏል።

የጋራ ካርድ

ኒንቴንዶ ስዊች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ሲወጣ የስልክ ማይክሮኤስዲን ተቀበለ። በውስጡ የነበረው ማከማቻ 32 ጊጋባይት ብቻ በመሆኑ ብዙ ተጫዋቾች ካርድ መጨመራቸው አይቀርም ነበር፤ ካርዱ ግን ከማንኛውም አምራች ሊሆን ይችላል። የጨዋታ ምልክትና ሥዕል የታተመባቸው ካርዶች በውድ ይሸጣሉ፤ ብልጫቸው በአብዛኛው ሥዕሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የወጣው ስዊች 2 ጨዋታ ለማስቀመጥ ማይክሮኤስዲ ኤክስፕረስ ብቻ ይቀበላል። ተራው ካርድ በዩኤችኤስ-1 ደረጃ በሰከንድ እስከ 104 ሜጋባይት ያስተላልፋል፤ ኤክስፕረሱ እስከ 985 ሊደርስ ይችላል። ዓይነቱ ለማንም አምራች ክፍት ቢሆንም የሚጠቀሙበት መሣሪያዎች ገና ጥቂት ስለነበሩ ባለ 256 ጊጋባይቱ ወደ 60 ዶላር፣ ከተመሳሳዩ ተራ ካርድ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ዋጋ ይዞ ጀመረ። ስለዚህ ክፍት መሆን ብቻውን ካርድ አያረክስም፤ ብዙ ገዢም ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ሚሞሪ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የስልክ ማይክሮኤስዲ ነው። ዘፈን፣ መዝሙርና ፊልም በክፍያ የሚጭኑ ሱቆች ይህን ካርድ በየከተማው ተራ ሸቀጥ አድርገውታል። ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ደብረ ታቦር፣ እንዲሁም በወረታ፣ በአዲስ ዘመን ወይም በነፋስ መውጫ ከስልክ ሱቅ የሚገኘው ይኸው ዓይነት ነው። የስልክ ካርድ የሚቀበል ኮንሶል ያለው ሰው ከዚያው ይገዛል። የብቻ ካርድ የሚፈልግ ግን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ወይም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ማስላክ ይገባዋል።

የውጭ ምንዛሪው ልዩነቱን ያሰፋዋል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በ20 ዶላርና በ60 ዶላር ካርድ መካከል ያለው ልዩነት፣ ቀረጥና ትርፍ ሳይታሰብ፣ ከ2,280 ብር ወደ 4,000 ብር ተሻገረ ማለት ነው።

በጨዋታ እየተከፈለ በሚሠራባቸው ፕሌይስቴሽን ቤቶች የካርድ ፍላጎት አነስተኛ ነው። እዚያ የሚወደደው የእግር ኳስ ጨዋታ ሁለት ሰው ተቀምጦ ተጫውቶ የሚነሣበት በመሆኑ የሚቀመጥ ውጤት እምብዛም የለም። በፕሌይስቴሽን 2 ላይ ካርዱ በዋናነት የሚይዘው የተጫዋቾች ዝውውር የተስተካከለበትን የቡድኖች ዝርዝር ነው። ይህ ዝርዝር የሰዓታት ሥራ ሊሆን ይችላል፤ በሚቀመጥበት ቅጽበት መብራት ከጠፋ ደግሞ ሊበላሽ ይችላል። ሁለተኛ ካርድ ላይ ቅጂ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

በይዘቱ ምክንያት የሚወደድ ካርድም አለ። ፍሪ ኤምሲቡት የተባለው ሶፍትዌር የተጫነበት የፕሌይስቴሽን 2 ካርድ፣ ቺፕ መበየድ ሳያስፈልግ፣ ጨዋታን ከዩኤስቢ ፍላሽ ወይም ከሃርድ ዲስክ ለመክፈት ያስችላል። ፋይሎቹ በማጂክጌት ከአንዱ ካርድ ጋር ስለሚታሰሩ ተራ ግልባጭ አይሠራም፤ ለየካርዱ እንደ አዲስ መጫን አለበት። በመጨረሻዎቹ ቀጫጭን ሞዴሎች ላይ ጭራሹኑ አይነሣም። የኮንሶሉ ዩኤስቢ የድሮው 1.1 በመሆኑ ቪዲዮ ሊቆራረጥ ይችላል፤ ፍላሹም በፋት32 ከተዘጋጀ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ጨዋታ ተከፋፍሎ መግባት ይኖርበታል።

ሐሰተኛ ካርዶች

የዋጋው ልዩነት በሰፋ ቁጥር ሐሰተኛ ካርድ ይበዛል። በካርዱ ላይ 512 ጊጋባይት ተጽፎ እውነተኛው መጠን 8 ወይም 16 ሊሆን ይችላል። በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ለኮንሶሉም ለኮምፒዩተሩም የውሸት መጠን እንዲናገር ስለሚደረግ ሲታይ ሙሉ ይመስላል። እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ አዲሱ ፋይል የቀድሞውን ይደመስሳል ወይም ሳይጻፍ ይቀራል፤ ገዢው ይህን የሚያውቀው ከሳምንታት በኋላ ጨዋታው አልከፈት ሲለው ነው። ካርዱን በመረጃ ሞልተው መልሰው የሚያነቡ ኤች2ቴስትደብልዩና ኤፍ3 የተባሉ ነጻ ፕሮግራሞች እውነተኛውን መጠን ያሳያሉ።

ኤክስፕረስ ካርድ ሲገዛ ጀርባውን ማየት ይጠቅማል። ተራ ማይክሮኤስዲ አንድ ረድፍ የብረት መገናኛ ሲኖረው ኤክስፕረሱ ሁለት አለው። ነገር ግን ዩኤችኤስ-2 የሚባለው ሌላ ዓይነትም ሁለት ረድፍ ስላለው፣ ስዊች 2 ደግሞ እርሱን ለጨዋታ ማስቀመጫ ስለማይቀበል፣ በካርዱ ፊት የኤክስፕረስ ምልክት መኖሩም አብሮ ይታያል።