የመመለሻ ቲኬት ያልነበራቸው እንግዶች

መቼም ገነት የት ነበረች ተብሎ ከተጠየቀ እኛ መልስ አናጣም፤ ግዮንን ጠቅሰን ጣታችንን ወደ ጣና እንቀስራለን። ጎርደን ፓሻ ግን በዚህ አልተስማማም። እ.ኤ.አ. በ1879 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ የአውሮፓውያን ናቸው) ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ አጼ ዮሐንስን አነጋግሮ ባዶ እጁን የተመለሰው ይህ እንግሊዛዊ፣ በ1881 ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወዳለችው ሲሼልስ ጎራ አለ። ፕራስላን በምትባለው ደሴት ያለውን የዘንባባ ጫካ አየና ኤደን ይህች ናት ብሎ ደመደመ። በዓለም ትልቁን ዘር የሚያፈራውን ኮኮ ደ ሜርን ደግሞ አዳምንና ሔዋንን ያሳተው ዛፍ ይህ ነው አለ። ድፍረቱን እዩልኝ!

ዛሬ የሲሼልስ ትንንሽ ሆቴሎች የሚሸጡት ይህንኑ የጎርደንን ገነት ነው። ላ ዲግ የምትባለውን ደሴት ውሰዱ። መኪና እምብዛም የለም፤ ሰዉ የሚሄደው በብስክሌት ነው። የእንግዳ ማረፊያዎቹ ብዙዎቹ ጥቂት ክፍል ያሏቸው የቤተሰብ ቤቶች ናቸው። ማታ የሚሰማው ማዕበሉ ብቻ ነው። እንግዳው የሚከፍለው ለአልጋው ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሚከፍለው ማንም እንዳያገኘው ነው፤ ለርቀቱና ለጸጥታው።

ታዲያ ይህ ርቀት የራሱ ታሪክ አለው። ደሴቶቹ እስከ 1770 ድረስ ቋሚ ነዋሪ አልነበራቸውም። ፈረንሳውያን ባሪያዎቻቸውን ይዘው ሰፈሩባቸው፤ በ1814 በስምምነት ለእንግሊዝ ተላለፉ፤ ባርነት የቀረው በ1835 ነው። አውሮፕላን ማረፊያ እስከተከፈተበት እስከ 1971 ድረስ ዋናው መንገድ መርከብ ነበር፤ ከአፍሪካ የባሕር ዳርቻ ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር። እንግሊዞች ይህን ርቀት ሲያዩ የታያቸው መዝናኛ አልነበረም። የታያቸው ግዞት ነው። በየአገሩ አልገዛም ያለውን ንጉሥ ሳይገድሉ የሚያጠፉበት ቦታ አገኙ።

የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔ በ1896 ተይዘው ሴራሊዮን ታሰሩ፤ በ1900 ሲሼልስ ገቡ። በዚያው ዓመት ንግሥት እናት ያ አሳንቴዋ ሕዝባቸውን አስነስተው እንግሊዝን ወጉ፤ ተሸነፉና እሳቸውም ወደዚያችው ደሴት ተጋዙ። የቡጋንዳው ምዋንጋና የቡኞሮው ካባሌጋም በ1899 ተማርከው ተከተሉ። እስቲ አስቡት፤ ከምዕራብና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ፣ ቋንቋ የማይግባቡ ነገሥታት በአንዲት ደሴት ላይ ጎረቤት ሆኑ!

ፕሬምፔ እዚያ ቁጭ ብለው አልተከዙም። እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ ተማሩ። እናታቸው ያ አኪያ የሚያስታውሱትን እየጠየቁ የአሻንቲ ነገሥታትን ታሪክ አስጻፉ። ወደ አገሬ መልሱኝ የሚል ደብዳቤም ደጋግመው ላኩ። ሃያ አራት ዓመት! እናታቸው በ1917፣ ያ አሳንቴዋ በ1921 እዚያው አረፉ። ምዋንጋ በ1903 ሞቱ። ካባሌጋ በ1923 ተፈትተው ወደ አገራቸው ሲጓዙ ቤታቸው ሳይደርሱ ጂንጃ ላይ ሞቱ። ፕሬምፔ ግን በ1924 ኩማሲን በዓይናቸው አዩ። ከእነሱ ሌላ ግብፃዊው ሳአድ ዛግሉልም፣ በ1956 ደግሞ የቆጵሮሱ ሊቀ ጳጳስ ማካርዮስም የዚህች ደሴት «እንግዳ» ነበሩ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሲሼልስ በ1976 ነጻ ወጣች፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጄምስ ማንቻም ደሴቶቻቸውን ለዓለም ቱሪስት ለማስተዋወቅ ደፋ ቀና ያሉ ሰው ነበሩ። በ1977 ለንደን ሳሉ መፈንቅለ መንግሥት ተደረገባቸውና እስከ 1992 ድረስ አገራቸው መግባት አልቻሉም። ደሴቲቱ የሰው ግዞተኛ ስትቀበል ኖራ የራሷን መሪ ግዞተኛ አደረገች።

ይህ ታሪክ የሩቅ ሰዎች ታሪክ ብቻ ከመሰላችሁ ራስ እምሩን አስታውሱ። ፋሺስቶች ጣሊያን ወስደው ያሰሯቸው ፖንዛ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ነበር። በ1943 ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ሲወርድ ለጥቂት ቀናት የታሰረው እዚያችው ፖንዛ ላይ ነው። ዛሬ ፖንዛ ሰው እየሄደ የሚዋኝባት የመዝናኛ ደሴት ናት።

ስለዚህ በገነትና በእስር ቤት መካከል ያለው ልዩነት ባሕሩ አይደለም፤ አሸዋውም አይደለም። ጸጥታውም ያው ጸጥታ ነው። ልዩነቱ የመመለሻ ቲኬቱ በማን ኪስ እንዳለ ነው። ኪሳችን ውስጥ ካለ ርቀቱ ዕረፍት ይሆናል፤ ሌላ ሰው ከያዘው ግዞት ነው።

ዛሬ ሲሼልስ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው እንኳ ቪዛ አትጠይቅም (ስንት አገር እንዲህ ይለናል?)። የባሕር ዳርቻዎቿም በሕግ የሁሉም ናቸው፤ የትኛውም ሆቴል አሸዋውን የግሌ ነው ማለት አይችልም። እና የደሴቲቱ ሰዎች አንድ አባባል አላቸው፤ የዳቦ ፍሬያችንን የቀመሰ ተመልሶ ይመጣል ይላሉ። ለቱሪስት ደስ የሚል ምርቃት ነው። ለፕሬምፔ ግን እርግማን ይሆን ነበር። እናንተ ለመሄድ ከታደላችሁ ቅመሱት፤ ማሄ ላይ ስትንሸራሸሩም እነዚያን ሳይወዱ የመጡ እንግዶች አስቧቸው።