ቁና

ቁና፦ ከአክርማና ከሰንደዶ የሚሰፋ የእህል መስፈሪያ። በሸዋ ልማድ 20 ቁና አንድ ዳውላ ይሞላል፤ የዳውላው ልክ ግን ከአገር አገር ይለያያል። ቁና የሚለካው ይዘትን እንጂ ክብደትን ስላልሆነ አንድ ቁና ጤፍና አንድ ቁና ገብስ ሚዛን ላይ እኩል አይወጡም። የሰፊዋ እጅም የራሱን ልዩነት ያመጣል። ጭቅጭቁ የሚበረታው ግን በአሰፋፈሩ ነው፦ ተቆልሎ ነው ወይስ ከአፉ ጋር ተስተካክሎ? «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ተረት በደንብ የሚገባው ይህን ላየ ሰው ነው። ኢትዮጵያ የሜትሪክ ሥርዓትን በሕግ የደነገገችው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በመርካቶ እህል በረንዳ ግብይቱ በኩንታልና በኪሎ ነው፤ ኩንታሉም 100 ኪሎ።