ሬሳው ወደቀ፤ ነፍሱስ የት ናት?

"ኖሮ ኖሮ ከመሬት፣ ዞሮ ዞሮ ከቤት" ይላል ያገሬው ሰው። የፈለገ ቢከብር፣ የፈለገ ቢነግሥ፣ አፈር የማይጠራው የለም። ይህን አልቀበልም ያለ አንድ ገጸ ባሕርይ ግን አለ። ሊች ይባላል። ጠንቋይ ነው፣ ሊቅ ነው፣ ብዙ ጊዜም ገዥ ነው። ሞትን ለማምለጥ ሲል ነፍሱን ከሥጋው አውጥቶ በአንድ ዕቃ ውስጥ ቆልፎባታል። ሥጋው በስብሶ አጥንቱ ብቻ ቢቀርም ያስባል፣ ያዛል፣ ይደግማል። ቢገድሉትም ተመልሶ ይመጣል።

ሊች የሚገኘው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በተባለው የጠረጴዛ ላይ ጨዋታ ውስጥ ነው። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ወክለው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፣ መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ ይወስናል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የፈጠሩት ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ከታተመ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። በእነዚህ ዓመታት ተጫዋቾች ከሊች ጋር ሲፋለሙ የቀሰሙት ትምህርት ከጠረጴዛው ያልፋል። የማይሞት የሚመስል ሥልጣን እንዴት እንደሚወድቅ፣ ከወደቀ በኋላም ለምን እንደሚመለስ የሚናገረው ነገር አለ።

▪ ስሙና ሳጥኑ

"ሊች" በጥንቱ እንግሊዝኛ ሬሳ ማለት ነው። በእንግሊዝ የድሮ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር መግቢያ ላይ ያለው ባለ ጣሪያ በር እስከ ዛሬ በዚሁ ቃል ይጠራል፤ አስከሬኑ ቄሱን የሚጠብቅበት ስፍራ ነበር።

ነፍሱን የደበቀ ክፉ ሰው ግን ከጨዋታው በፊትም በተረት ይታወቃል። ሩሲያውያን "ሞት የለሹ ኮሼይ" የሚሉት አላቸው። ሞቱ ያለው በመርፌ ውስጥ ነው። መርፌው በእንቁላል፣ እንቁላሉ በዳክዬ፣ ዳክዬዋ በጥንቸል፣ ጥንቸሉ በሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ደግሞ ሩቅ ደሴት ላይ ካለ ዛፍ ሥር ተቀብሯል። ኮሼይን በሰይፍ የሚመታ ሁሉ በከንቱ ይደክማል። መርፌውን ፈልጎ ያገኘ ግን ይገላግለዋል።

ሊች ወደ ጨዋታው የገባው በ1975 ግሬይሆክ በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። በ1977 የወጣው የጭራቆች መጽሐፍ ደግሞ አስፈሪነቱን አበዛው፦ ጀማሪ ጀግና ገና ሲያየው ይሸሻል፣ በረዶ የመሰለ እጁ የነካው ሰው ሽባ ይሆናል፣ ሕልውናውን የሚጠብቅለትም ክታብ አለው። በ1979 ድራጎን የተባለው መጽሔት አንድ ጠንቋይ እንዴት ሊች እንደሚሆን በዝርዝር አተተ። ክታቡ የነፍስ መደበቂያ መሆኑ እየጸና ሲሄድም ውጊያው ሁለት ሆነ፤ አንዱ ከሥጋው ጋር፣ ሌላው ከሳጥኑ ጋር።

ለክታቡ የተሰጠው ስም ከግሪክ የመጣና "መጠበቂያ" የሚል ትርጉም ያለው ነው። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 "አሸንክታብ" የሚለው ማለት ነው። አይሁዳውያን ሲጸልዩ የሚያስሩት የተቀደሰ ዕቃ በዚሁ ስም ስለሚጠራ፣ ከጭራቅ ጋር መያያዙ ቅሬታ ሲያስነሳ ቆይቷል። በቅርቡ የወጣው የጭራቆች መጽሐፍ ስሙን ትቶ "የመንፈስ ማሰሮ" ብሎታል።

▪ ጉልበት ያልፈታው መቃብር

በ1975 ባልቲሞር ከተማ በተካሄደው ኦሪጅንስ የተባለ የጨዋታ ጉባኤ ላይ ጋይጋክስ "የአስፈሪዎች መቃብር" የሚል ፈተና አቀረበ። ያዘጋጀው "የእኔን ጀግና የሚችል የለም" እያሉ ለሚፎክሩ ተጫዋቾች ነበር። የመቃብሩ ባለቤት አሴረራክ ይባላል። ከሊችነትም አልፎ የራስ ቅል ብቻ የቀረው፣ ጥርሶቹ የከበሩ ድንጋዮች የሆኑ፣ ወደ ራሱ የቀረበን ሰው ነፍስ የሚመጥ ፍጡር ነው። ጀግኖች ግን እሱ ዘንድ ሳይደርሱ በወጥመድ ያልቃሉ። በር መስሏቸው የገቡበት ጉድጓድ ይሆናል፤ ሰይፍ የመዘዘ ሁሉ የሚመታው ጠላት ያጣል።

የጋይጋክስ የሥራ ባልደረባ ሮብ ኩንትዝ መቃብሩን በራሱ መንገድ ተወጣው። ኦርክ የተባሉ ተከታዮቹን እያስቀደመ ወጥመዱን በእነሱ አስፈተሸ። መጨረሻው ክፍል ደርሶ የራስ ቅሉ ሲነሳ ባየ ጊዜም ሀብቱን በከረጢቱ አፍሶ ሮጠ። ብልህ ተባለ። አሴረራክ ግን ከነመቃብሩ በቦታው ቀረ፤ ሒሳቡን የከፈሉትም ኦርኮቹ ናቸው።

▪ ምን ይበላል?

በ2014 የወጣው የጨዋታው አምስተኛ እትም የሊችን ኃይል በቁጥር አስቀምጦታል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ድግምት ሊይዘው ሲል እንዳልያዘው የማስቆጠር መብት አለው። የሌላውን ድግምት ገና ከአፍ ሲወጣ ማክሸፍ ይችላል። ሥጋው ቢጠፋ እንኳ ክታቡ ካለ ከአንድ እስከ አሥር ባሉት ቀናት ውስጥ አዲስ ገላ ለብሶ ይነሳል።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ትልቁን ድግምት መጀመሪያ ላይ አያባክኑም። ቸል የማይባሉ ትንንሽ ጥቃቶችን እያስቀደሙ ሦስቱን መብቶቹን ያስጨርሱታል። አንዱ ማክሸፊያውን ሲያስወጣው ሌላው ዋናውን ይሰነዝራል። መከላከያው ሲያልቅ የሊች ገላ ለዝናው የሚመጥን አይደለም፤ የእትሙ መጽሐፍ የሰጠው የጉዳት መቻያ 135 ነጥብ ብቻ ነው። የቅርብ ተፋላሚ ከደረሰበት ቶሎ ይወድቃል።

ዋናው ሥራ ግን ከውጊያው በፊት ነው። በዚሁ እትም ሊች ክታቡን በሰው ነፍስ መመገብ አለበት፤ ካልመገበ ይፈራርሳል። ስለዚህ ዱካ አለው። ብልህ ቡድን ወደ ግንቡ ከመሮጡ በፊት መንደር ለመንደር ይጠይቃል፦ ማን ጠፋ? ከየትኛው ሰፈር? ወሬውን ማን አፈነው? ለግንቡ ሰው የሚያቀርበው ማን ነው፣ በምላሹስ ምን ያገኛል? መልሶቹ ወደ ሳጥኑ ይመራሉ። ሳጥኑ ሲገኝም በመዶሻ አይሰበርም፤ ብዙውን ጊዜ የተለየ ሥርዓት ወይም መሣሪያ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ የዘለለ ቡድን ድሉን አክብሮ ሳይጨርስ ያንኑ ድምፅ ከዙፋኑ ላይ ይሰማል።

▪ እጁን ማን ወሰደው?

ከሊቾች ሁሉ የታወቀው ቬክና ነው። ስሙ በ1976 የተጻፈ ሲሆን፣ በ2022 ስትሬንጀር ቲንግስ የተባለው ተከታታይ ፊልም አራተኛ ክፍል ለዋናው ጭራቅ ስለተጠቀመበት ጨዋታውን የማያውቀውም ሰምቶታል። ቬክናን የጣለው የውጭ ጀግና አልነበረም። ታማኝ ጋሻ ጃግሬው ካስ ነው፣ ያውም ቬክና ራሱ ሠርቶ በሰጠው ሰይፍ። ሰይፉ የራሱ ሐሳብ ነበረው፤ "ከእሱ አንተ ትሻላለህ" እያለ ካስን አሳመነው።

ከቬክና የተረፉት አንድ እጅና አንድ ዓይን ናቸው። በሕጉ መሠረት የቬክናን እጅ መጠቀም የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የራሱን እጅ መቁረጥ አለበት፤ ዓይኑን የፈለገም የራሱን ያወጣል። ያም ሆኖ ፈላጊ ጠፍቶ አያውቅም። በብዙ ጠረጴዛዎች ላይ ጨለማውን ሊያጠፋ የተነሳ ጀግና "ለበጎ እጠቀምበታለሁ" ብሎ ክንዱን ዘርግቷል። ቬክናም በኋላ በወጡ መጻሕፍት ተመልሷል፣ አምላክ እስከመባል ደርሷል።

"እባብ ግደል፣ ከነበትሩ ገደል" የሚለው ተረት እዚህ ላይ ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል። የካስ ሰይፍም ቬክናን ከጣለ በኋላ አላረፈም። ሊችን መጣል ከባድ ቢሆንም ዘዴው ይታወቃል፤ መጻሕፍቱ ጽፈውታል፣ ተጫዋቾችም ተክነውበታል። ሬሳው ከወደቀና ሳጥኑ ከተሰበረ በኋላ እጁና ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ሲቀሩ፣ ማንም እንዳያነሳቸው የሚያግድ ሕግ ግን በየትኛውም እትም አልተጻፈም። ያ የተጫዋቾቹ ውሳኔ ነው።