ጢስና ቅባት፤ ስለ ወባ ትንኝ መከላከያ ዕፅዋት

ሰው የበሽታን መነሻ ከማወቁ አስቀድሞ የሚሸሽበትን ብልሃት ይፈልጋል። ከወባ ትንኝ ጋራ ያደረገው ረጅም ትግል ይህንኑ ያስረዳናል። የብሪታንያው ሐኪም ሮናልድ ሮስ በህንድ አገር የወባን ተሐዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. ነው። የአገራችን ሰው ግን የሮስን ምርመራ ሳይጠብቅ፥ በወረሰው ልማድ የጥንጁትና የወይራ ቅጠል እያጤሰ ትንኝን ከቤቱ ያባርር ነበር።

ይሁን እንጂ ጢስ የቤት ጠባቂ ነው፤ ከደጅ የሚያመሸውን እረኛና ገበሬ ተከትሎ አይሄድም። ስለዚህ መዓዛውን በገላ ላይ ማኖር አስፈለገ። የአገራችን የጠጅ ሣር የቅርብ ዘመድ ከሆነ ሣር የሚነጠረው የሲትሮኔላ ዘይት፥ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ከሚቀቡት ሁሉ ይልቅ የታወቀ ነበር። ነገር ግን ትንኝን የሚያርቀው የሚተነው መዓዛ ራሱ ስለ ሆነ፥ ሽታው ሲጠፋ ጥበቃውም አብሮ ይጠፋል። በ1946 ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የተዘጋጀው ዲት የተባለ ቅመም ረዘም ላለ ሰዓት ስለሚቆይ፥ የዕፅዋቱን ዘይት ከቦታው አስለቀቀው።

ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን ያገራችን ታሪክ ይመሰክራል። በ1958፥ ማለት በእኛ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. ማለቂያና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ወረርሽኙ ወባን ያልለመደውን የከፍተኛ ቦታ ነዋሪ ጭምር አጥቅቷል።

የዕፅዋት ቅባት ግን ተረስቶ አልቀረም። የቻይና ዐዋቂዎች በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ዕፅዋትን ሲመረምሩ፥ የሽቶ ባሕር ዛፍ ዘይት ከተነጠረ በኋላ በሚቀረው ዝቃጭ ውስጥ ፒ.ኤም.ዲ. የተባለውን ፍሬ ነገር አገኙ። ይህ ቶሎ ስለማይተን ገላን ለብዙ ሰዓት ይጠብቃል። በ2005 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከዚሁ ዛፍ የሚዘጋጀውን ቅባት ለሕዝብ አገልግሎት ከሚመክራቸው መከላከያዎች መካከል አስገብቶታል፤ ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ግን አይፈቀድም። ቅጠሉን ወቅጦ መቀባትም የተጣራውን ቅባት አይተካም።

ሽቶ ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ የመጣ ቢሆንም በአገራችን በሚገባ ይበቅላል። የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከልም መዓዛማ ዕፅዋትን ያራባል፥ ዘይታቸውንም ያወጣል። እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ጢሱን ያቆዩልን እናቶች ዕውቀታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ከእነርሱ የተረከብነውን በሚዛንና በሰዓት መፈተን ደግሞ የእኛ ፋንታ ነው። የወባ ትንኝ በብዛት የምትናደፈው ሌሊት ስለ ሆነ፥ ቅባት የተቀባ ሰው ቢሆንም አጎበሩን ሳይዘረጋ አይተኛ።