የቀብር መዝገቡና የዕድገት ቀመሩ፦ የፕሪቼትና የሰመርስ ሙግት ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ሲታይ

«አገር ካደገ ጤናው ይከተላል» የሚለው ሐሳብ በውይይት መድረኮቻችን ማስረጃ ሳይጠየቅበት ያልፋል። ምሁራዊ ክብሩን ያገኘው ግን በዋናነት ከአንድ ጽሑፍ ነው፤ ኢኮኖሚስቶቹ ላንት ፕሪቼትና ላውረንስ ሰመርስ እ.ኤ.አ. በ1996 ካሳተሙትና ርዕሱ ሲተረጎም «ይበልጥ ሀብታም ይበልጥ ጤነኛ ነው» እንደ ማለት ከሆነው ጥናት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ጥናቱ የኢትዮጵያን ልምድ አያስረዳም፣ በተለይም በአዲስ አበባ የመቃብር ስፍራዎች የተጻፈው መዝገብ ተቃራኒውን ይመሰክራል የሚል ነው።

ከእነሱ በፊት የተጻፈውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ቶማስ ማኪዩን በእንግሊዝ ሞት የቀነሰው ከሕክምና ይልቅ በኑሮ መሻሻል ነው ብሎ ነበር። ሳሙኤል ፕሬስተን በ1975 ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ለታየው የዕድሜ ጣሪያ መጨመር የገቢ ድርሻ ከ10 እስከ 25 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳየ። ጆሴፍ ኒውሃውስ በ1977 የአገሮች የጤና ወጪ ልዩነት በአብዛኛው የገቢያቸው ልዩነት እንደሆነ ጻፈ። ከሦስቱም ጋር እዚህ ጠብ የለኝም።

ፕሪቼትና ሰመርስ የሚሉት እንዲህ ነው። የነፍስ ወከፍ ገቢ በ10 በመቶ ሲጨምር የሕፃናት ሞት በረጅም ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ይቀንሳል። ከዚህ ተነሥተው በ1990 ብቻ በታዳጊ አገሮች ከሞቱት ሕፃናት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት የ1980ዎቹ ኢኮኖሚ ድክመት ሰለባ ናቸው ይላሉ። «ገቢ ነው ጤናን የሚያመጣው ወይስ ጤና ገቢን?» የሚለውን ጥያቄ ለመመለስም ገቢን የሚነኩ፣ ሞትን ግን በቀጥታ አይነኩም ያሏቸውን መለኪያዎች ተጠቅመዋል፤ ከእነዚህም የውጭ ንግድ ዋጋ መዋዠቅ፣ ኢንቨስትመንት ከአገር ውስጥ ምርት ያለው ድርሻ፣ የጥቁር ገበያ የምንዛሪ ልዩነት ይገኙበታል።

የሙግታቸው ሕንፃ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ኢንቨስትመንት ሞትን የሚነካው በገቢ በኩል ብቻ ከሆነ ዘዴው ያስኬዳል። በኢትዮጵያ ግን ከመንግሥት ኢንቨስትመንት ከፊሉ ራሱ ጤና ጣቢያ ነው፤ ከ3,500 በላይ ጤና ጣቢያዎች የተገነቡት፣ ምጥ የያዛት እናት የምትጓዝበት መንገድ የተጠረገው በዚሁ ገንዘብ ነው። አንዲት እናት ልጇ የዳነላት ጤና ጣቢያው በአቅራቢያዋ ስለተሠራ እንጂ የቤቷ ገቢ ስላደገ ላይሆን ይችላል። የጥቁር ገበያው ልዩነትማ የባሰ ነው። ዶላር ያጣ አስመጪ ኢንሱሊን አያስገባም፤ ሕመምተኛው የሚጎዳው ገቢው ስለቀነሰ ሳይሆን መድኃኒቱ ከመደርደሪያ ስለጠፋ ነው። ይህን በመርካቶ መድኃኒት የሚነግድ ሁሉ ያውቀዋል። በውጭ ንግዱ በኩል የቡና ዋጋ መዋዠቅ የተሻለ መለኪያ መሆኑን እቀበላለሁ፤ እሱ ብቻውን ግን ያን ሁሉ ድምዳሜ አይሸከምም።

ለክርክሩ ያህል ዘዴውን ተቀብለን በራሳቸው ቁጥር እናስላ። ከግምታቸው ለእነሱ የሚያደላውን፣ ማለትም የላይኛውን፣ እንውሰድ። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 97 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 48 ወረዱ። በዚያ ጊዜ እውነተኛው የነፍስ ወከፍ ገቢ ሦስት እጥፍ አልሞላም፤ ሞላ ብለን ብንለግሳቸው እንኳ ቀመሩ የሚሰጠን የ36 በመቶ ቅናሽ ነው። የሆነው 50 በመቶ ነው። «ልዩነቱ የቴክኖሎጂ ለውጥ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ስም መስጠት ግን ማስረዳት አይደለም። ከ2003 ጀምሮ የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስደው ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በራሱ ጊዜ የመጣ ቴክኖሎጂ አይደሉም፤ አንድ መንግሥት ደመወዝ መድቦ የቀጠራቸው ወጣት ሴቶች ናቸው።

ይህ ሁሉ ግን በአገር አቀፍ አማካይ ላይ የተመሠረተ ነው። ይበልጥ የሚያሳምነው ምስክር ከከተማዋ የመቃብር ስፍራዎች ይገኛል፤ በዕድገት ጽሑፎች ውስጥም የሚገባውን ቦታ አላገኘም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2016 ነው። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ ማን በምን እንደሞተ የሚያውቅ አካል ካለ የመቃብር መዝጋቢው ነበር። በ2001 የተጀመረውና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት የሞት ክትትል የሚሠራው እንዲህ ነበር፦ ሬሳው ከመቀበሩ በፊት መዝጋቢው ቤተሰቡን የሟቹን ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻና የሞት ምክንያት ይጠይቃል። ለቀስተኛው ኤች አይ ቪ አይልም፤ «የሳንባ በሽታ» ይላል። ተከባሽ አርአያና ባልደረቦቻቸው በ2004 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያለውን የቤተሰብ ቃል ከሌላ መረጃ ጋር አመሳክረው በኤድስ የደረሰውን ሞት ለመከታተል እንደሚያገለግል አሳዩ።

በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ጆርጅ ሬኒየርስና ባልደረቦቹ በ2009 ያሳተሙት ጥናት ለክርክሬ ወሳኝ ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ2003 በክፍያ ገባ፤ በ2005 በነፃ ይሰጥ ጀመር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በከተማዋ አዋቂዎች ላይ የሚደርሰው የኤድስ ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ከዚህም የሚልቀው ዝርዝሩ ነው፤ በክፍያው ዘመን ይበልጥ የተጠቀሙት ወንዶች ነበሩ፤ ሴቶች የደረሱባቸው መድኃኒቱ ነፃ ከሆነ በኋላ ነው። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ገንዘቡ ለአንድ ሰው ብቻ ሲበቃ ቤቱ ባልየውን መረጠ። ከተማው ያው፣ መድኃኒቱ ያው፤ የተለወጠው ዋጋው ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። አንደኛው፣ ሁለት አኃዝ የተባለለት ዕድገት የጀመረውም በ2003/04 ስለሆነ የዕድገቱንና የመድኃኒቱን ውጤት መለየት አይቻልም የሚል ነው። ዕድገት ግን የባልና የሚስትን ልዩነት በጥቂት ዓመታት አያጠብም። ሁለተኛው፣ መድኃኒቱ የተገዛው በሀብታም አገሮች ገንዘብ ስለሆነ ዞሮ ዞሮ የዕድገት ፍሬ ነው ይላል። ሊሆን ይችላል፤ ቀመራቸው የሚናገረው ግን ስለ አንድ አገር የራሷ ገቢ እንጂ ስለ አሜሪካ ገቢ አይደለም። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ዕርዳታ ሲታገድ የኢትዮጵያ ገቢ በዚያ ሳምንት አልወረደም፤ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ የጤና ሠራተኞች ግን ውላቸው ተቋረጠ። የመቃብሩ መረጃ የአንድ ከተማ በመሆኑ አጠቃላይ ድምዳሜ ለመስጠት ጥንቃቄ እንደሚያሻ መጠቆም ይገባል።

ሙግቱን ለማየት ነፋስ ስልክ ላፍቶን የመረጥኩት ዕድገቱ በዓይን የሚታይበት የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ስለሆነ ነው። የጀሞ ኮንዶሚኒየሞች፣ በ2016 ተመርቆ ከለቡ ወደ ጅቡቲ የሚነሣው ባቡር፣ ከጋርመንት ወዲያ ያለው ግንባታ ለዚህ ይበቃሉ። ትንሿ አቃቂ ወንዝ ደግሞ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ተሸክማ በዚያው ታልፋለች፤ ዳሯ ላይም ሰላጣና ቆስጣ ይለማል። ይህን የዕድገት ገጽታ ከቀመሩ ውስጥ የሚያገኘው የለም።

የመቃብሩ መዝገብ ስለ መጪው ጊዜም ይናገራል። አወቀ ምስጋናውና ባልደረቦቻቸው ከ2006 እስከ 2009 ያለውን መረጃ መርምረው ከአዋቂዎች ሞት 51 በመቶው ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች መሆኑን አገኙ። ስለዚህ የነገው የጤና ሥርዓት ጥያቄ ደም ግፊትና ስኳር ነው፤ እዚህ ላይም ከ2005 በፊት ወደነበረው የክፍያ ዘመን ተመልሰናል። ከቫይረሱ ጋር የሚኖር የጀሞ ነዋሪ መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያ በነፃ ይወስዳል። የደም ግፊት ያለባት ጎረቤቱ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያልቅበት ማዘዣዋን ይዛ ወደ ግል ፋርማሲ ትሄዳለች፤ በመስኮቱ ዋጋውን ጠይቃ «እህቴ፣ ለጊዜው የሳምንቱን ብቻ ስጪኝ» ትላለች። ዕድር አላት፤ ዕድሩ ግን በአብዛኛው የሚደርሰው ለቀብር ነው።

በ2016/17 የብሔራዊ ጤና ሂሳብ መሠረት ከአገሪቱ የጤና ወጪ 31 በመቶው በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ የወጣ ነበር፤ ይህም ከአሥር ዓመት በላይ ፈጣን ዕድገት በኋላ ነው። በ2011 በ13 ወረዳዎች የተሞከረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያነጣጠረው ቋሚ ደመወዝ በሌለው ነዋሪ ላይ ነው። ለደመወዝተኛው በ2010 የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ደግሞ ለዓመታት ሳይተገበር ቆየ። በመሃል የቀረው ዕድገቱ የፈጠረው መምህርና የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ፕሪቼትና ሰመርስ «ይበልጥ ጤነኛ» ይሆናል ያሉት ሰው ማለት ነው።

ክርክሩን መፈተን አያዳግትም። በክፍለ ከተማው ከሚገኙ ወረዳዎች በከፊሎቹ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በነፃ ይሰጥ፤ በቀሩት የዛሬው አሠራር ይቀጥል። የመቃብር መዝጋቢው እንደ ክትትሉ ዘመን አድራሻ፣ ጾታና የሞት ምክንያት ይጻፍ። የሴቶቹና የወንዶቹ የሞት ቁጥር መድኃኒቱ ነፃ በሆነባቸው ወረዳዎች ብቻ ከተቀራረበ፣ የ2005ቱ ውጤት የኤድስ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።