የሞተር ብስክሌት ጎማ ምን ያህል ያገለግላል? የአገልግሎት ዘመኑን የሚወስኑ ጉዳዮች

ሞተር ብስክሌት መንገዱን የሚነካው በሁለት ጎማዎች ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጎማ በአንድ ጊዜ መንገዱን የሚጨብጥበት ስፋትም ከአንድ ሰው የእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። የአሽከርካሪው፣ የተሳፋሪውና የእግረኛው ደኅንነት በዚህ ስፋት ላይ የተመሠረተ ነው። ባለ አራት ጎማ ተሽከርካሪ አንድ ጎማ ቢፈነዳበት ብዙውን ጊዜ ዳር ይዞ መቆም ይችላል፤ ሞተር ብስክሌት ግን በተለይ የፊት ጎማው በድንገት ከተነፈሰ ሚዛኑን ለመጠበቅ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። ስለሆነም የጎማን የአገልግሎት ዘመን ማወቅ የወጪ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ይህ መረጃ በሞተር ብስክሌት ረጅም ርቀት ለሚጓዙ፣ ለሥራ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ለሚመላለሱ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች፣ እንዲሁም በሞተር ብስክሌት ሰውና ዕቃ በማጓጓዝ ለሚተዳደሩ ዜጎች የተዘጋጀ ነው።

1. የጎማ ዕድሜ በኪሎ ሜትር ሲለካ

ለሁሉም ጎማ የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። ሆኖም በመደበኛ አጠቃቀም የሚከተሉት ግምቶች እንደ መነሻ ሊያገለግሉ ይችላሉ።

ሀ. ለረጅም ጉዞ በተሠሩ ትልልቅ ሞተር ብስክሌቶች ላይ የሚገጠም የኋላ ጎማ በአስፋልት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ10,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ያገለግላል።

ለ. ለፍጥነት የተሠሩ ጎማዎች መንገድ እንዲጨብጡ ተብሎ ከለስላሳ ጎማ ስለሚዘጋጁ የኋላው ከ4,000 እስከ 8,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

ሐ. ከ100 እስከ 150 ሲሲ ጉልበት ያላቸው አነስተኛ ሞተር ብስክሌቶች ጠንከር ያለ ጎማ ስለሚገጠምላቸውና ክብደታቸውም ቀላል ስለሆነ በጥሩ አያያዝ ከ15,000 እስከ 25,000 ኪሎ ሜትር ሊሄዱ ይችላሉ።

መ. ለጭቃና ለኮረት መንገድ የተሠሩ ትልልቅ ጥርስ ያላቸው ጎማዎች አስፋልት ላይ ሲውሉ በፍጥነት ይበላሉ፤ ከ3,000 እስከ 8,000 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ዕድሜ የተለመደ ነው።

የሞተሩን ኃይልና አብዛኛውን ጭነት የሚሸከመው የኋላ ጎማ በመሆኑ ከፊት ጎማው ቀድሞ ያልቃል። የፊት ጎማ ብዙውን ጊዜ ከኋላው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይቆያል። ይህ ግን የፊት ጎማ ምርመራ አያስፈልገውም ማለት አይደለም፤ አብዛኛው የፍሬን ኃይል የሚያርፈው በፊት ጎማ ላይ ነው።

2. ጎማን ያለ ጊዜው የሚያስጨርሱ ምክንያቶች

የአየር መጠን ማነስ፦ አየር ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ከሚገባው በላይ ይታጠፋል። መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱም የጎማውን አካል ከውስጥ ያዳክማል፣ ጥርሱንም በዳርና በዳር ያስበላል። በአንጻሩ አየር የበዛበት ጎማ መሐሉ ብቻ መንገድ ስለሚነካ መሐሉ ቶሎ ያልቃል፣ መንገድ የመጨበጥ አቅሙም ይቀንሳል። ትክክለኛው መጠን በሞተር ብስክሌቱ መመሪያ መጽሐፍ ወይም በካቴና መሸፈኛው አካባቢ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ተሳፋሪ ወይም ዕቃ ሲጫን ለኋላ ጎማ የተለየ መጠን መታዘዙ የተለመደ ስለሆነ ሁለቱንም ቁጥሮች ማወቅ ያስፈልጋል።

ከአቅም በላይ ጭነት፦ በጎማው ጎን ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር የጭነት አቅም መለያ ነው። ለምሳሌ 47 ማለት 175 ኪሎ ግራም፣ 52 ማለት 200 ኪሎ ግራም ማለት ነው። 120 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር ብስክሌት እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ ግራም የሆኑ ሁለት ሰዎችንና አንድ ኩንታል እህል ቢጭን ጠቅላላ ክብደቱ 350 ኪሎ ግራም ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው በኋላ ጎማ ላይ ቢያርፍ 233 ኪሎ ግራም ነው። ይህ 52 የሚል መለያ ያለውን ጎማ አቅም በ33 ኪሎ ግራም ያልፋል። እንዲህ ያለው ጎማ ቶሎ ከማለቁም በላይ በጉዞ ላይ የመፈንዳት አደጋ ይኖረዋል።

ፍጥነትና ሙቀት፦ በከፍተኛ ፍጥነት በሞቃት አስፋልት ላይ ረጅም ሰዓት መጓዝ ጎማውን ያግለዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ብክነቱንም ያፋጥነዋል። በቆላ መንገድ በጠራራ ፀሐይ የሚደረግ ጉዞ በየመሐሉ ዕረፍት የሚያስፈልገው ለአሽከርካሪው ብቻ ሳይሆን ለጎማውም ጭምር ነው።

የመንገድ ሁኔታ፦ ኮረትና ሹል ጠጠር ጥርሱን ይቆራርጣል። ጉድጓድ ውስጥ በፍጥነት መግባት ደግሞ የጎማውን የውስጥ ክር ሊበጥስና ቸርኬውን ሊያጣምም ይችላል። ከጉድጓድ ምት በኋላ በጎማው ጎን ላይ እብጠት ከታየ ክሩ መበጠሱን ስለሚያመለክት ጎማው ወዲያውኑ መቀየር ይኖርበታል።

የአነዳድ ልማድ፦ በድንገት መነሣት የኋላውን፣ በድንገት ፍሬን መያዝ ደግሞ ሁለቱንም ጎማዎች ይበላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ እንደሚወርደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ በፍሬን ብቻ መተማመን ጎማንም ፍሬንንም ያግላል። በዝቅተኛ ማርሽ መውረድና ፍሬኑን እየለቀቁ መያዝ ሁለቱንም ይጠብቃል።

የቴክኒክ ጉድለት፦ ያረጀ አሞርዛተር፣ የላላ ኩሽኔታ፣ ሚዛኑን ያልጠበቀ ቸርኬና ካቴና ሲወጠር ተጣሞ የታሰረ የኋላ እግር ጎማን ባልተስተካከለ ሁኔታ ያስበላሉ። እነዚህ ሳይታረሙ አዲስ ጎማ ማስገጠም ገንዘብን ማባከን ነው።

3. የከፍታና የሙቀት ልዩነት በአየር መጠን ላይ ያለው ተጽዕኖ

በአገራችን በአንድ ቀን ጉዞ ከደጋ ወደ ቆላ መውረድ የተለመደ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አፋር ቆላማ አካባቢ የሚጓዝ አሽከርካሪ ሁለት ተቃራኒ ለውጦች ያጋጥሙታል። በአንድ በኩል ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ የአካባቢው የአየር ግፊት ስለሚጨምር በመለኪያ ላይ የሚነበበው የጎማ አየር በ1.5 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የጎማው አየር ከ1 እስከ 2 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ይጨምራል። ሁለቱ ለውጦች በከፊል ቢቻቻሉም ውጤቱን በግምት መወሰን ተገቢ አይሆንም። ትክክለኛው አሠራር በየማደሪያው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በመለኪያ ማረጋገጥ ነው።

ጎማ በጉዞ ላይ ሲሞቅ አየሩ መጨመሩ የሚጠበቅ ነው። በመሆኑም ከሞቀ ጎማ አየር ማስተንፈስ አይገባም፤ ጎማው ሲቀዘቅዝ ከሚፈለገው መጠን በታች ሆኖ ይገኛል።

4. የተበላ ጎማ የሚያሳያቸው ምልክቶች

የመሐል ጠፍጣፋነት፦ በቀጥተኛ አስፋልት ብዙ የተጓዘ የኋላ ጎማ መሐሉ ጠፍጣፋ ይሆናል። ኩርባ ላይ ሲታጠፍ ሞተር ብስክሌቱ ከጠፍጣፋው ወደ ዳሩ በድንገት የመውደቅ ያህል ስሜት ይሰጣል። አየር የበዛበት ጎማም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል።

የሞገድ ቅርጽ፦ በተለይ የፊት ጎማ ጥርስ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ ከተበላ የአየር ማነስ፣ የአሞርዛተር ድካም ወይም የሚዛን ጉድለት መኖሩን ያመለክታል። መሪው በዝቅተኛ ፍጥነት መንቀጥቀጡ ወይም ጎማው ማጉረምረሙ የዚሁ መገለጫ ነው።

በአንድ ጎን መበላት፦ የኋላ እግር አለመስተካከሉን ወይም ጭነት በአንድ ወገን እየበዛ መጫኑን ሊያሳይ ይችላል።

ስንጥቅጥቅ፦ በጥርሶቹ መካከል ወይም በጎን ላይ የሚታዩ ቀጫጭን ስንጥቆች ጎማው በዕድሜ ወይም በፀሐይ መድረቁን ይገልጻሉ። ጥርሱ ገና ቢሆንም እንዲህ ያለው ጎማ አስተማማኝ አይደለም።

5. ጎማ መቀየር የሚገባው መቼ ነው?

በጥርሶቹ መካከል በሚገኘው ቦይ ውስጥ ከፍ ብለው የተሠሩ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ተበልቶ ከጉብታው ጋር እኩል ሲሆን ጎማው አገልግሎቱን ጨርሷል። ለሞተር ብስክሌት የተፈቀደው ዝቅተኛ የጥርስ ጥልቀት ከአገር አገር ይለያያል፤ ለምሳሌ በእንግሊዝ 1 ሚሊ ሜትር ሲሆን በጀርመን 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ይሁንና የቦዩ ዋና ተግባር ውኃን ከጎማው ሥር ማስወጣት በመሆኑ ጥልቀቱ 2 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ለለውጥ መዘጋጀት ይመከራል። በተለይ የክረምት ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት ወር፣ ጎማን መርምሮ መቀየር ብልህነት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ በመንገድ ላይ የቆየውን አቧራና ዘይት ስለሚያሟሟ አስፋልቱ እጅግ ያንሸራትታል።

ያለቀን ጎማ በቢላ ወይም በጋለ ብረት አዲስ ጥርስ ማስወጣት ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ይህ አሠራር ክሩን የሚጠብቀውን የመጨረሻ ሽፋን ያሳሳል።

6. የምርት ጊዜን ማንበብና የዘመን አቆጣጠር ልዩነት

ጎማ ባይነዳም ያረጃል። በርካታ አምራቾች ጎማ አገልግሎት ላይ ከዋለ አምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመር፣ ከተመረተ አሥር ዓመት ሲሞላው ደግሞ ጥርሱ ምንም ያህል ቢቀር ከአገልግሎት እንዲወጣ ይመክራሉ።

የምርት ጊዜው በጎማው ጎን፣ «ዲ.ኦ.ቲ» ከሚሉት የላቲን ፊደላት በኋላ በሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ በአራት አኃዝ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመቱን ያመለክታሉ። ዓመቱ የሚቆጠረው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ለምሳሌ «4017» የሚል ጎማ የተመረተው በ2017 እ.ኤ.አ. በ40ኛው ሳምንት፣ ማለትም በመስከረም 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ይህን በ2017 ዓ.ም. የተመረተ አድርጎ የሚያነብ ገዢ ሰባት ዓመት ያህል ይሳሳታል። «2016» የሚለው ደግሞ የበለጠ ያሳስታል፤ ሙሉ ዓመት ቢመስልም ትርጉሙ የ2016 እ.ኤ.አ. 20ኛው ሳምንት፣ ማለትም ግንቦት 2008 ዓ.ም. ነው። ሻጩ በቃል የሚሰጠውን ማብራሪያ ከመቀበል በፊት ገዢው ራሱ ጽሑፉን ማንበብ ይጠበቅበታል። አራት ሳይሆን ሦስት አኃዝ ብቻ ያለበት ጎማ ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተመረተ ስለሆነ መገዛት የለበትም።

7. ሲገዙና ሲያስገጥሙ ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

• የጎማው መጠን፣ የጭነት መለያውና የፍጥነት ፊደሉ በመመሪያ መጽሐፉ ከታዘዘው ያላነሰ መሆኑ ይረጋገጥ።
• በጎኑ ላይ የተሣለው ቀስት ጎማው ወደፊት ሲሽከረከር ከሚዞርበት አቅጣጫ ጋር ይመሳሰል።
• በካላማዳሪያ የሚሠራ ጎማ ሲቀየር ካላማዳሪያውም አብሮ ይቀየር።
• ያለ ካላማዳሪያ የሚሠራ ጎማ ሲበሳ ሊጠገን የሚችለው ቀዳዳው በጥርሱ በኩል ከሆነና ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ነው። በጎኑ የተበሳ ጎማ አይጠገንም።
• አዲስ ጎማ ገጽታው ስለሚያንሸራትት በመጀመሪያዎቹ 150 ኪሎ ሜትሮች ገደማ በዝግታ፣ ያለ ድንገተኛ ፍሬንና ያለ ኃይለኛ መታጠፍ ይነዳ።
• ጎማ እንዲያንጸባርቅ ተብሎ ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት አይቀባ፤ የነዳጅ ውጤቶች ጎማን ያበላሻሉ።
• የግዢ ደረሰኝ ይጠየቅ፣ ይቀመጥም። ጉድለት ያለበት ጎማ ከተሸጠ ለንግድ ተቋማት ለሚቀርብ አቤቱታ ዋናው ማስረጃ ደረሰኙ ነው።

8. የቀረውን የጎማ ዕድሜ ማስላት

ረጅም ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ጎማው እስከ መመለሻ ያደርስ እንደሆነ በቀላል ስሌት ማወቅ ይቻላል። አዲስ ሲገጠም የጥርሱ ጥልቀትና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ ይመዘገባል። ለምሳሌ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር የነበረ ጎማ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በኋላ 5 ሚሊ ሜትር ቢለካ፣ በ6,000 ኪሎ ሜትር 3 ሚሊ ሜትር ተበልቷል፤ ይህም በአንድ ሚሊ ሜትር 2,000 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ጎማው 2 ሚሊ ሜትር ላይ እንዲቀየር ከተወሰነ 3 ሚሊ ሜትር ይቀረዋል፤ ስለዚህ ወደ 6,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ያለው ርቀት 560 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ይህ ለአምስት የደርሶ መልስ ጉዞ ይበቃል። ጭነት ከተጨመረ ወይም መንገዱ ኮረት ከሆነ ግምቱ ዝቅ መደረግ አለበት።

9. ከጉዞ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ማንኛውም አሽከርካሪ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት የሁለቱን ጎማዎች አየር በመለኪያ መለካት፣ ጎማውን እያዞረ ሚስማር፣ ስንጥቅና እብጠት መፈለግ፣ የጥርሱን ጥልቀት ማየት፣ እንዲሁም የአየር መሙያው ክዳን መኖሩን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ይህ ምርመራ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ዓመታዊ የተሽከርካሪ ቴክኒክ ምርመራ የጎማን ሁኔታ የሚያሳየው በምርመራው ዕለት ብቻ ነው። በቀሪዎቹ ወራት ጎማውን የመከታተል ኃላፊነት የባለንብረቱና የአሽከርካሪው ነው። የጎማ ዋጋ ከፍተኛ መሆኑ ያለቀን ጎማ ይዞ ለመቆየት ቢገፋፋም፣ የአየር መጠንን በየሳምንቱ በማስተካከልና ጭነትን በአቅም በመወሰን የሚገኘው ተጨማሪ ዕድሜ ወጪን ለመቀነስ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። ጊዜው ያለፈበትን ጎማ በወቅቱ መቀየር ግን ለወጪ ሲባል የሚዘገይ ጉዳይ ሊሆን አይገባም።